ጦር አውራጇ መርከብ ማንን ታወርዳለች? ማንንስ ትጭናለች?

ባለፈው ወር በተማሪዎች ኅብረት አዳራሽ በተደረገው ክርክር «ኢትዮጵያ ጦር አውራጅ መርከብ ያስፈልጋታል» የሚለው ሐሳብ በጭብጨባ ብዛት እንደ ረታ አንባቢዎቻችን ታስታውሳላችሁ። እኛ ከደብረ ኤልያስ የመጣን አምስት ተማሪዎች ከኋላ ወንበር ላይ ነበርን። አላጨበጨብንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምግብ አዳራሽ «ደገኞች! ባሕር የት ታውቁና ነው!» እየተባለ ሲቀለድብን ስለ ሰነበተ፣ እጃችንን ለምን እንደ ሰበሰብን በዚህች መጽሔት ልንገልጽ ግድ ሆነብን።

መቼም ቀልዱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ከአምስታችን ባሕር በዓይኑ ያየ አንድም የለም። ደብረ ኤልያስ የስንዴና የቅኔ አገር ናት። በደቡብ በኩል የሚያዋስናት ዓባይ ነው፤ እሱም ቢሆን በገደል ውስጥ ገብቶ የሚሄድ፣ አፈሩን ጠርጎ ለሌላ የሚያደርስ ወንዝ እንጂ ለእኛ ጀልባ የሚያንሳፍፍ አይደለም። ሆኖም መርከብ ደብረ ኤልያስ አትደርስም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በየዓመቱ ትደርሳለች። የዘር ወቅት ሲቃረብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ገበሬው ጋቢውን ለብሶ ተሰልፎ የሚጠብቀው የመርከብ ጭነት ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤታችን በሄድን ጊዜ ከሰልፉ መካከል አንድ ሽማግሌ ጠሩንና፣ «ልጆች፣ ተማሩ ተብላችኋልና እስቲ ንገሩኝ፤ ይህ ማዳበሪያ ከወዴት ነው የሚመጣው?» አሉን።

«ከባሕር ማዶ ነው አባባ፤ በመርከብ በጅቡቲ በኩል ይገባል» አልናቸው።

«መርከቢቱ የእኛ ናት?»

«አንዳንዷ የእኛ ናት፤ የምትበዛው ግን የኪራይ ናት።»

«ወደቡስ?»

«ወደቡ የጅቡቲዎች ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያማ ከሰዎቹ ጋር በደኅና መኖር ነዋ!» ብለው ስማቸው ሲጠራ ብድግ አሉ። በክርክሩ አዳራሽ ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ የእኒህን ሽማግሌ አንዲት ቃል የሚያህል አልሰማንም ብንል ተናጋሪዎቹ ይቀየሙን ይሆናል፤ ይቅርታቸውን እንለምናለን።

ክርክሩን ስናዳምጥ ያስገረመን ነገር ቢኖር ስለ መርከቢቱ ግርማ ብዙ ሲነገር ስለ ሥራዋ አንድም ሰው አለመናገሩ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ምን እንደ ሆነች እንናገር። ፈረንጆች አምፊቢየስ ይሏታል፤ እንቁራሪትን የመሰለ በውኃም በየብስም የሚኖር ፍጥረት የሚጠራበት ቃል ነው። ሌሎቹ የጦር መርከቦች የተሠሩት ባሕር ላይ ሊዋጉ ነው። የእርሷ ዋና መሣሪያ ግን መድፏ ሳይሆን ሆዷ ነው። ወታደሩን፣ መኪናውን፣ ታንኩን፣ ስንቁን፣ ሐኪሙን በአንድነት ጭና ትሄድና ወደብ በሌለበት፣ ወይም ወደቡ በተከለከለበት ዳርቻ ታወርዳለች።

አወራረዷ የሚደነቅ ነው። በስተኋላዋ ትልቅ በር አላት፤ ከበሩ ውስጥ ደግሞ እንደ ገንዳ ያለ ሰፊ አዳራሽ ይገኛል። ለማውረድ ስትፈልግ በግርጌዋና በጎንዋ ያሉትን ባዶ ታንከሮች የባሕር ውኃ ትሞላቸዋለች። ያን ጊዜ ክብደቷ ይጨምርና የኋላ አካሏ ዝቅ ይላል፤ እናት ያዘለችውን ልጅ ልታወርድ ጎንበስ እንደምትል ማለት ነው። በሩ ሲከፈት ባሕሩ ወደ ገንዳው ይገባል፤ ተደርድረው የቆዩት ማውረጃ ጀልባዎችም ይንሳፈፋሉ። መኪናቸውንና ሰዋቸውን እንደ ያዙ ወጥተው ሄደው አሸዋው ላይ ግንባራቸውን ያስደግፋሉ፤ ፊታቸውም ወደ ታች ተዘርግቶ መሻገሪያ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ውኃው በፓምፕ ተገፍቶ ይወጣና መርከቢቱ እንደ ገና ቀና ትላለች። በጣሪያዋ ላይ ሄሊኮፕተር የሚነሣበትና የሚያርፍበት ሜዳ አላት። ከማውረጃ ጀልባዎቹም መካከል በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ ከውኃው ወጥቶ አሸዋውን እየጠረገ የሚሄድ ዓይነት አለ።

በክርክሩ ስማቸው ደጋግሞ የተነሣው የግብፅ ሁለት መርከቦች ከዚሁ ወገን ናቸው። ፈረንሳይ ሚስትራል በሚባለው ዓይነት ለሩሲያ የሠራቻቸው ነበሩ፤ የክሪሚያ ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ሽያጩ ተሰረዘና በ2008 ዓ.ም. ማለቂያና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ለግብፅ ተረከቡ። አንዷ ገማል አብደል ናስር፣ ሁለተኛዋ አንዋር ሳዳት ተባሉ። እያንዳንዳቸው 199 ሜትር ይረዝማሉ፤ ከ21,000 ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ 450 ወታደር ከነመኪናው፣ እንዲሁም 16 ትላልቅ ሄሊኮፕተሮች ይይዛሉ፤ 69 አልጋ ያለው ሆስፒታል በውስጣቸው አለ። የሁለቱ ዋጋ 950 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደ ነበረ በጊዜው ተጽፏል። ይህ እንግዲህ ሄሊኮፕተሩን፣ ጥይቱን፣ ነዳጁንና የመርከበኛውን ደመወዝ ሳይጨምር ነው። በዓባያችን ጫፍ ላይ እንዲህ ያሉ መርከቦች ቆመው ሲታዩ «እኛስ?» ማለት የማንም ወጣት ጠባይ ነው፤ እኛም ብለነዋል። ነገር ግን «እኛስ?» ከማለት ቀጥሎ «ለምን?» ማለት ነበረብን።

ኢትዮጵያ ጦር ከባሕር ሲወርድ የምታውቀው ከመርከቡ ሆና ሳይሆን ከዳርቻው ሆና ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመቱ ጊዜ ከቦምቤይ ተነሥተው ከምጽዋ በስተ ደቡብ በሚገኘው በዙላ ዳርቻ ወረዱ። ዙላ ያን ጊዜ ወደብ አልነበረም፤ የሚጠጣ ውኃም አልነበረውም። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ወታደር፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን አገልጋይ፣ ከ40,000 የማያንስ የጭነት ከብት፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ በ280 ያህል መርከብ አጓጓዘ። ከመውረዳቸው በፊትና በኋላ ወደ ባሕሩ የሚዘረጋ መራገፊያ ሠሩ፤ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ የባሕሩን ውኃ በእንፋሎት አጣርተው ጨውን ለይተው ለሰውና ለከብት አጠጡ። ከዚህ በኋላ ነው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው መቅደላ የደረሱት። በትምህርት ቤት ስለ መቅደላ ስንማር ስለ ሴባስቶፖል መድፍና ስለ ንጉሡ ሽጉጥ እንማራለን፤ ስለ ዙላው መራገፊያና ስለ ውኃው ማጣሪያ የነገረን መምህር ግን የለም። ጦርነቱ ግማሽ በግማሽ ያለቀው እዚያ ነበር ለማለት ያስደፍራል። የዛሬዋ ጦር አውራጅ መርከብ እንግዲህ የዙላን መራገፊያ፣ የውኃ ማጣሪያውን፣ ሆስፒታሉንና የዝሆኖቹን ጀርባ በአንድ ሆድ የያዘች ማለት ናት።

በ1928 ዓ.ምም እንዲሁ ሆነ። የፋሺስቱ ጦር በስዊዝ በኩል በመርከብ እየተጫነ ምጽዋ ላይ ወረደ፤ ወደቡ እስኪጨናነቅ ድረስ መርከቦች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በቃል አወገዘ፤ የስዊዝን በር ግን የዘጋ አልነበረም።

የዚህን ነገር ሌላ ፊት ደግሞ ከራሳችን ሰፈር እንጥቀስ። ሐዲስ ዓለማየሁ የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ መሆናቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ ቅኔ እንደ ተማሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኒህ የቅኔ ተማሪ በጦርነቱ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩና በጠላት መርከብ ተጭነው ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። ባሕርን ያዩት እንግዲህ እስረኛ ሆነው ነው። በግዞት ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ የተፈቱት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ደቡብ ጣሊያን በገባ ጊዜ ነበር። ያ ጦር እንዴት ገባ? በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሲሲሊ ላይ ወደ 160,000 የሚጠጋ ወታደር፣ በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ በካላብሪያ ሌላ ሠራዊት፣ አፋቸውን ከፍተው መኪናና ታንክ አሸዋ ላይ በሚተፉ መርከቦችና ጀልባዎች ወረደ። የዛሬዋ መርከብ እናቶች እነዚያ ናቸው። አንዱ መርከብ ደብረ ኤልያስን ያህል የቅኔ አገር ልጅ እስረኛ አድርጎ ወሰደ፤ ሌላው መርከብ አስፈታው። የመርከቡ ብረት አንድ ዓይነት ነው፤ የላኪው ሐሳብ ግን አንድ አይደለም። በክርክሩ አዳራሽ ያልተነገረው ይኸው ነው።

የቃኘው ሻለቃም ወደ ኮሪያ የዘመተው በመርከብ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከሺህ በላይ የሚሆኑ ወታደሮቻችን በባቡር ጅቡቲ ወርደው ጄኔራል ማክሬ በምትባለው የአሜሪካ ማጓጓዣ መርከብ ተሳፍረው ፑሳን ገቡ። ያን ጊዜ ኤርትራ ገና በፌዴሬሽን አልተቀላቀለችም፤ ወደብ አልነበረንም፤ መርከብም አልነበረን። በስምምነት ግን ሄዱ፤ በስምምነትም ተመለሱ።

አሁን ወደ ራሳችን ባሕር ኃይል እንምጣ። ከፌዴሬሽኑ በኋላ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ተቋቁሞ ዋና ሰፈሩን ምጽዋ፣ የመኮንኖች ትምህርት ቤቱን አሥመራ አደረገ። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ አውራው ሆነች። ይህች መርከብ ጦር አውራጅ አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦርካ ተብላ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድትንከባከብ የተሠራች፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል የሆነች፣ ለእኛ ደግሞ በይበልጥ የመኮንኖች ማሠልጠኛ የሆነች ናት። ጦር አውራጆች በኋላ መጡ። ከፈረንሳይ ማውረጃ ጀልባዎች፣ ከሶቪየት ኅብረትም በደርግ ጊዜ ፖልኖክኒ የሚባሉ ሁለት አነስተኛ ጦር አውራጆች ተገኙ። ፖልኖክኒ 73 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ከፊቷ በኩል በሯን ከፍታ ጥቂት ታንኮችና ሁለት መቶ የሚጠጋ ወታደር ማውረድ ትችላለች። ስለዚህ «አገራችን እንዲህ ያለ መርከብ አግኝታ አታውቅም» ያለው የመጀመሪያው ተናጋሪ ታሪኩን ሳያጣራ ነው የተናገረው።

ታዲያ ምን ፈየዱልን? በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ከተማይቱን የያዛት ጦር ከየብስ የመጣ ነበር፤ በባሕር በኩልም ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ረድተውታል። ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ሊያድኗት አልቻሉም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» መርከብ ከሌሎች ጋር ሆና ወደ የመን ሸሸች፤ በ1985 ዓ.ም. ገደማም ለብረት ተሸጠች። የቀሩት ጅቡቲ ላይ ቆዩና እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ለጨረታ ቀረቡ። መርከቦቹ አልተሰበሩም፤ የሚገቡበት ቤት ነው ያጡት። በዚያን ጊዜ 3,500 ያህል የነበሩት መርከበኞች የት እንደ ወደቁ ብዙ ሰው አልጠየቀም። የአንዳንዶቹን ዕድል በየከተማችን እናውቀዋለን፤ ራዳር ያነብ የነበረ ሰው ሱቅ ውስጥ ስኳር ሲመዝን አይተናል።

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደ ገና እንደሚቋቋም ተነገረ። በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዋና መምሪያው ባሕር ዳር ሊሆን ነው የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ፤ የጎጃም ልጆች ነንና ደስ ብሎን ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በኪራይ ስለ ማግኘት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ተባለ። ሶማሊያ ተቆጣች፤ ወደ ግብፅ ተጠጋች፤ የግብፅ የጦር መሣሪያም ሞቃዲሾ ወደብ ላይ ተራገፈ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአንካራ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ እስኪወጣ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ በጭቅጭቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «አሰብ» የሚለው ስም በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ቤታችን እየተነሣ ነው። በክርክሩ ቀን ጭብጨባው እጅግ የበረታው ተናጋሪው አሰብን በጠራ ጊዜ እንደ ነበረ አንርሳ። እንግዲህ ጦር አውራጅ መርከብ የተፈለገችው ለምን እንደ ሆነ ማወቅ ለማንም አይከብድም።

የወንድሞቻችንን ክርክር አናቃልልም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከንግዱ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነውን በአንድ በር ማስገባቱና ማስወጣቱ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። የወደብ ኪራዩ በማዳበሪያው ዋጋ ላይ ተጨምሮ የደብረ ኤልያስ ገበሬ እንደሚከፍለው እኛ ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። በ1983 ዓ.ም. የወደቡ ጉዳይ የተያዘበት መንገድም ቅር ያሰኘናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን «ስለዚህ ወታደር በሆዷ የምትጭን መርከብ» ማለት ከወንዙ ወዲህ ማዶ ሳይሻገሩ ደረስኩ እንደ ማለት ነው።

እስቲ ነገሩን እንደ ሒሳብ እናስላው። ጦር አውራጅ መርከብ ብቻዋን አትሄድም። ከፊት ፈንጂ የሚጠርግ፣ ከጎን የሚጠብቃት፣ ከላይ አውሮፕላን ያስፈልጋታል፤ ያለዚያ ትልቅነቷ ለጠላት ዒላማ መሆኗ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሁቲ ታጣቂዎች ከየብስ ላይ በተኮሱት ሚሳይል ስንት መርከብ እንደ ተመታ ሁላችንም ሰምተናል። ከነዚያ አንዷ ሩቢማር የምትባል ጭነት መርከብ ናት፤ በየካቲት ወር ተመትታ ሰጠመች። በሆዷ የነበረው ምን ነበር? ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ ማዳበሪያ። የእኛ አልነበረም፤ ግን ዜናውን ስንሰማ የሽማግሌው ሰልፍ ትዝ አለን። በዚያው ዓመት ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን ዞረው መሄድን መረጡ። በኃይል የተያዘ ወደብ ማለት እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ መሬቱና መራገፊያው ሊያዝ ይችላል፤ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ነጋዴ ግን መርከቡን ወደዚያ አይልክም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ጦራችን በቡሬ ግንባር (የእኛውን የጎጃሙን ቡሬ ማለታችን አይደለም) ከአሰብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነበር። ያ ጦርነት ከሁለቱ ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በላ። እስከዚያ ድረስ ዕቃችን በስምምነት በአሰብ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሰብ ለእኛም ዝግ ሆነ፤ ለባለቤቶቹም ሥራ ፈታ።

ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ። 450 ወታደር ሲባል ቁጥሩ በንግግር መካከል በቀላሉ ያልፋል። በዚያ ሆድ ውስጥ የሚሰለፈው ማነው? አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው መካከል ዲግሪውን ይዞ የሚገባ ጥቂት ይሆናል። የሚገባው በደብረ ኤልያስ፣ በደንበጫ፣ በማቻክል አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠው ወንድማችን ነው፤ የአፋር ልጅ ነው፤ የወላይታ ልጅ ነው። በዳርቻው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ ያው የእርሱ እኩያ፣ ምናልባትም ትግርኛም አማርኛም የሚሰማ የኤርትራ ልጅ ነው። የሁለቱን እናቶች ማንም በመድረኩ ላይ አላስታወሳቸውም።

እንዲህ ስንል መርከብ አያስፈልገንም ማለታችን ነውን? አይደለም። ያላጨበጨብነው መርከቢቱን ጠልተን ሳይሆን የተጠራችበትን ሥራ ጠልተን ነው። መጋቢት 2007 ዓ.ም. የመን በጦርነት በተያዘች ጊዜ የየአገሩ መንግሥት ሕዝቡን ሊያወጣ መርከብ ላከ፤ ሕንድ ላከች፤ ቻይና ላከች። ሊንዪ የምትባል የቻይና የጦር መርከብ ከኤደን 225 የውጭ አገር ሰዎች ጭና ጅቡቲ አደረሰች። ከነዚያ 176ቱ ፓኪስታናውያን፣ 29ኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኤደን ከጅቡቲ ማዶ ለማዶ ናት፤ ከቤጂንግ ግን እጅግ ሩቅ ናት። 29 ወገኖቻችንን ያነሣቸው ከሩቅ የመጣው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በተቃጠለች ጊዜም ሱሜዳ የምትባል የሕንድ መርከብ በመጀመሪያው ጉዞዋ ብቻ 278 ሕንዳውያንን ከፖርት ሱዳን ወደ ጅዳ አሻገረች። የቤይሩት ወደብ በ2012 ዓ.ም. ማለቂያ በፈነዳ ጊዜ ፈረንሳይ ቶኔር የተባለችውን ጦር አውራጅ ምግብና የግንባታ ዕቃ ጭና ላከች፤ ይህች ከላይ የጠቀስናቸው የግብፆቹ እኅት ናት። በቤይሩት በየሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ስንት ሺህ እንደ ነበሩ የማያውቅ የለም። በሄይቲ ከ2002ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ወደቡ ተሰባብሮ ክሬኑ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ፣ የአሜሪካ ጦር አውራጆች ዱቄትና ውኃውን በጀልባ አሸዋው ላይ አወረዱ። ወደብ የማያስፈልጋት መሆኗ እዚህ ላይ በረከት ነው።

በዓይናችን ፊት ያለውንም እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ አጠገብ ተገልብጠው በአንዱ 38፣ በሁለተኛው ቢያንስ 24 ሰዎች ሞቱ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩባቸው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ማለቂያ በየመን አብያን ዳርቻ ሌላ ጀልባ ሰጥሞ ከ70 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ የእኛው ናቸው። ለዚህስ ሚስትራልን የሚያህል መርከብ አያስፈልግም፤ ፈጣን ጠባቂ ጀልባና የሚሰማ ራዲዮ ይበቃ ነበር። ይህን የምንለው የመርከብ ወዳጆች ነን ባዮች የሚያለቅሱት ለአሰብ እንጂ ለአብያን ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ትልቋን ትተን ፖልኖክኒን የምታህል፣ ከፊቷ የምትከፈት፣ ለሰውና ለጭነት የተሠራች አንዲት ወይም ሁለት መርከብ ብትኖረን ዋጋዋም ሥራዋም ለአቅማችን ይሆናል። ማረፊያዋም በስምምነት ይሁን። ጃፓን ከሩቅ ምሥራቅ መጥታ በጅቡቲ ሰፈር ይዛለች፤ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጣሊያን፣ ቻይናም ይዘዋል። እነርሱ በኪራይ መኖርን ውርደት ካላሉት እኛ የቅርብ ጎረቤቶቹ ለምን እናፍራለን? ቦሊቪያ ባሕሯን በጦርነት ካጣች ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባሕር ኃይሏን ግን አላፈረሰችም። መርከበኞቿ በቲቲካካ ሐይቅ ይሠለጥናሉ፤ ቬኔዝዌላ የሰጠቻት አንዲት የባሕር መርከብም በአርጀንቲና ወደብ በሮሳሪዮ ታርፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በሄግ ፍርድ ቤት በቺሊ ላይ ያቀረበችው ክስ ሳይቀናት ቀረ፤ እንዲያም ሆኖ ጦር አላነሣችም። እኛስ ጣና የለንም? በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሠለጠኑ ልጆቻችን በውጭ አገር ጭነት መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ እየሠሩ አይደለምን? መርከበኛ ከመርከብ ይቀድማል፤ በ1983 ዓ.ም. የበተንነውን መርከበኛ ለመተካት ደግሞ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ይፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ለሚደረገው ክርክር ሐሳቡ እንዲለወጥ ለኅብረቱ ጸሐፊ በጽሑፍ አቅርበናል። ያቀረብነውም «ኢትዮጵያ በጎረቤቶቿ ፈቃድ የምታርፍ፣ ሰው ለማውጣት የምትሄድ መርከብ ያስፈልጋታል» የሚል ነው። ደጋፊ ሆነን ለመናገር አምስታችንም ስማችንን አስመዝግበናል። ተቃዋሚ ሆኖ የሚቀርብ ቢኖር ከኀሙስ በፊት ይመዝገብ፤ ሲመጣ ግን መርከቢቱ ከየት ዳርቻ ተነሥታ በየት ዳርቻ እንደምትወርድ፣ ከነዚያ 450 ወታደሮች መካከልም አንዱ እርሱ ራሱ ይሆን እንደ ሆነ አስቦ ይምጣ።